ቮልሴ ላይ 1600 ሞተር ገባ፤ ጣጣው ግን ገና ጀመረ

ባለ66ቱ | ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ያህል ዝም ብዬ ሳነብ ኖሬ ዛሬ መጻፌ፣ እንደ ልማዳችን ችግር ሲገጥመኝ ነው።

መኪናዬ የ1966 ቮልስ ናት፤ በፈረንጅ ማለቴ ነው። (መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ጭና የወጣችው ቮልስ "ያቺ ናት እንዴ?" የሚለኝ ሰው አልጠፋም። አይደለችም። አባቴ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ነው የገዛት።) 1300 ሞተር፣ 6 ቮልት፣ አራቱም እግሯ ላይ የታምቡር ፍሬን።

ባለፈው ክረምት ከሱሉልታ ስመለስ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ጋዙን ለቀቅ ሳደርግ ቀጭታው መዶሻ ሆነ፤ ከዚያ ዝም። ሲፈታ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ባልቦላ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶታል፣ ቴስታታውንም (የሲሊንደሩን ራስ) በልቶታል። ማሳደስ ይቻል ነበር። ግን እዚያው ሰሞን ሱማሌ ተራ ከተገለበጠች ቮልስ የወጣ 1600 ሞተር አገኘሁ፤ ቁጥሩ በኤዲ የሚጀምር፣ ቴስታታው ባለ ሁለት መግቢያ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ቤት ውጪ የወጣው ዓይነት። የኔው 40 የፈረስ ጉልበት ነበር፣ ይሄ 50 ነው። አርባ ላይ አሥር ሲጨመር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የቮልስ ሞተር ማውረድ ቀላል ነው ይባላል፤ እውነት ነው። አራት ባለ 17 ብሎን፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የጋዝ ገመድ፣ ጥቂት ሽቦ፤ ከሥር ክሪክ፣ ሳብ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ወደ ታች። ሞተሩ መቶ ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። የወንድሜ ልጅና እኔ ከቁርስ እስከ ምሳ አወረድነው።

መጫኑ ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የ6 ቮልቱ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ባለ ጥርስ ከባድ ሳህን) 109 ጥርስ ነው፣ የ12 ቮልቱ 130። ትልቁ ቮላኖ የድሮው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ቤት ውስጥ አይገባም፣ ውስጡን መሞረድ ነበረብኝ። ሞተሪኖው ተቀየረ፣ የሞተሪኖው ዘንግ የሚያርፍበት ቡሽ በቶርኖ ተሠራ፣ ዲናሞው፣ ባትሪው፣ አምፖሉ ሁሉ ወደ 12 ሄደ። የዝናብ መጥረጊያዋን ረስቻት ኖሮ የመጀመሪያው ዝናብ ዕለት በ12 ቮልት እንደ እብድ ስትጨፍር ሰው ቆሞ አየን።

የቮላኖውን ዋና ብሎን ግን እስካሁን እኮራበታለሁ። 35 ኪሎ በአንድ ሜትር መጠበቅ አለበት ይላል። እንደዚያ የሚለካ ቁልፍ ከየት ይመጣል? ባለ 36 ቁልፍ ላይ ቱቦ አስገባሁና ከብሎኑ መሐል ግማሽ ሜትር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ቆምኩበት። ክብደቴ 70 ኪሎ ነው። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

አሁን ወደ ጣጣው፦

አንደኛ፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳልረግጥ) እንደ ሰዓት ናት፤ ዳገት ሲመጣ ግን ታንቃለች፣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሁለተኛ፣ ሃያ ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ በጣቴ መያዝ አልችልም። ሦስተኛ፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚፋጭ ድምፅ አለ።

የሰፈር ሰው ሁሉ "የሞተሩን ኮፈን በእንጨት ደግፈህ ከፍተህ ንዳ" ይለኛል። ልክ ነው?


ኦርጅናል_ይሻላል | ጥቅምት 6

የድሮውን ሞተር ሸጥከው እንዳትለኝ።


ባለ66ቱ | ጥቅምት 6

ኧረ አልሸጥኩም! ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በሸራ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ነው። ባለቤቴን ጠይቃት።


ኦርጅናል_ይሻላል | ጥቅምት 6

እንግዲያውስ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ካምቢዮ ቤት መሞረድ ተመልሶ አይሞላም፣ እሱን እወቅ። እኔ ብሆን የራሷን 1300 አሳድስ ነበር። 40 ፈረስ አባትህን አላጎደለባቸውም።


ጡረተኛው_መካኒክ | ጥቅምት 7

ልጄ፣ መጀመሪያ ያቺን እንጨት ጣላት።

ቮልስ ውሃ የላትም፣ አየር ነው የሚያበርዳት፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። አየሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ግን ባለ መኪናው ቀርቶ መካኒኩም ይረሳዋል። ከኋላ መስኮቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ ማራገቢያው ይስበዋል፤ በሲሊንደሮቹ መሐል ገፍቶ ወደ ታች ያወጣዋል። ሲወጣ እሳት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያለበት ክፍል ሁለት ቤት ነው፤ ላይኛው ሳሎን፣ ታችኛው ማድቤት። በመሐላቸው ያለው ግድግዳ ሞተሩን ዙሪያውን የከበበው ላሜራና ጫፉ ላይ የሚዞረው ላስቲክ ነው። ያ ላስቲክ አዲስ አበባ ውስጥ በአሥር ቮልስ ላይ ብትፈልገው ዘጠኙ ላይ የለም። ሞተር ባወረድን ቁጥር ይቀደዳል፣ "ጌጥ ነው" ብለን እንጥለዋለን። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እኔም በጉብዝናዬ ብዙ ጥያለሁ።

ላስቲኩ ከሌለ የማድቤቱ ጭስ ሳሎን ይገባል፤ ማራገቢያው የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይጠጣል። ኮፈኑን በእንጨት ስትከፍተው ደግሞ፣ በተለይ ከተማ ውስጥ ቀስ ስትል፣ ከሥር የሚወጣውን ትኩሳት በጓሮ በር ታስገባዋለህ። አየሩ የበረደ የሚመስልህ ዓይንህ ስላየው ነው።

የካንዴላ ገመዶቹ በላሜራው የሚያልፉበት ትንንሽ ላስቲክም አለ፤ አራቱም ይኑሩ። ማራገቢያው ቤት ውስጥ አየር የሚከፋፍሉትን ክዳኖች አንዱ ብልህ አውጥቷቸው ከሆነ መልሳቸው፤ እነሱ ሲወጡ አየሩ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል አይደርስም። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ናት፤ ማለስለሻም ማቀዝቀዣም እሷው ነች፣ አታስረጃት። ባልቦላውን ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካክል።

3ኛው ሲሊንደርህ የሞተበት ምክንያት ደግሞ የታወቀ ነው። የድሮው የዘይት ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ቤት ውስጥ ልክ ከ3ኛው ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው፤ 3ኛው ዕድሜውን ሁሉ የሞቀ አየር ሲተነፍስ ኖሯል። አዲሱ ሞተርህ ላይ ያ ተስተካክሏል፤ እሱ ላይ ጥሩ ገዝተሃል።

ጥቁሩ ጭስ የጂግለር ነው፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን። ያ ካርቡራተር ለባሕር ጠረፍ አየር የተሠራ ነው፣ አንተ ከ2,300 ሜትር በላይ ነህ። ጂግለር ቀንስ።


ሱባሩ_ወዳጅ | ጥቅምት 8

ከይቅርታ ጋር፣ 10 ፈረስ ለመጨመር ሦስት ቅዳሜ? በዚያ ድካም የሱባሩ 2.0 ወይም 2.2 ሞተር ብታስገባ ከ100 ፈረስ በላይ ታገኝ ነበር። እሱም ተጋዳሚ አራት ሲሊንደር ነው፣ በአንድ መገናኛ ሳህን ከቮልስ ካምቢዮ ጋር ይጋጠማል፣ ውጪ አገር ብዙ ሰው ሠርቶታል። አንተ ያደረግከው የሞተር ቅያሬ አይባልም፣ የወንድማማች ልውውጥ ነው።


ጡረተኛው_መካኒክ | ጥቅምት 8

ያ መኪና ራዲያተር ይፈልጋል። ራዲያተሩን የት ታደርገዋለህ? ከፊት ካደረግከው ውሃውን እስከ ኋላ በመኪናው ሆድ ሥር በቱቦ ትወስዳለህ። ከኋላ ካደረግከው አየር አያገኝም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ነው የሚፈላ፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘልህ ዓለም ገና ሳትደርስ ቡና ታፈላለህ። በዚያ ላይ 100 ፈረስ በ1966 ታምቡር ፍሬን! አቁመኝ ስትለው የሚያቆምህ የፊትህ መኪና ነው።


ባለ66ቱ | ጥቅምት 8

ጋሼ፣ አሳቃችሁኝ። ሱባሩ_ወዳጅ፣ ሐሳብህን አልናቅኩም። ነገር ግን እኔ የምፈልገው ስትነሳ የምታሰማውን ያንን የልብስ ስፌት ማሽን ድምፅ ነው። የሱባሩ ድምፅ ከፈለግኩ ሱባሩ እገዛለሁ።

ጂግለር ስንት ላይ ላውርድ? አሁን ያለው 127.5 ነው፤ ካርቡራተሩ ሶሌክስ 34 ፒክት 3።


የአሌክሳንድሪያዋ | ጥቅምት 9

ከቨርጂኒያ ሰላም። እኔም የ1971 ቮልስ አለችኝ፤ የሴት መካኒክ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ተቀመጡ።

የኔ በ127.5 ደስተኛ ናት፣ ምክንያቱም እዚህ ባሕሩ ጎረቤት ነው። ያንተን አሰላሁልህ። ጂግለሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር ነው፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊ ሜትር። የአዲስ አበባ አየር እፍጋት ከባሕር ጠለሉ 79 ከመቶ ግድም ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ ቢቀንስ ኖሮ ችግር አልነበረም፤ ካርቡራተር ግን እንደዚያ አይሠራም፣ ነዳጁ የሚቀንሰው በስኩዌር ሩቱ ነው። ስለዚህ ቅልቅልህ 12 ከመቶ ያህል ወፍራም ነው፣ ነዳጁ በዝቷል፤ ጭሱ ያ ነው። ለማስተካከል የቀዳዳውን ስፋት 11 ከመቶ፣ ዲያሜትሩን ደግሞ 6 ከመቶ ግድም ታጠባለህ። 120 ይመጣል።

የጠፋውን ጉልበት ግን ጂግለር አይመልሰውም። 50 ፈረስ ብለህ የገዛኸው አዲስ አበባ ላይ 40 ገደማ ነው። የድሮው 40ህም እዚያ ላይ 31፣ 32 ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ አትዘን።

የአክስቴ ልጅ ለኅዳር ጽዮን ትመጣለች። 120፣ 122.5 እና 125 አንድ አንድ አስይዛታለሁ። እያንዳንዳቸው ምስር ነው የሚያክሉት፣ ኪሎ አይበሉም። የሞተሩን ዙሪያ ላስቲክም እጨምራለሁ።


ባለ66ቱ | ጥቅምት 9

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክፍያውን በውስጥ መስመር እንነጋገር።


ቻርጅ_አድርጉ | ጥቅምት 10

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ቆሟል፣ ዓለም ወደ ባትሪ ሄዷል፣ እናንተ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ትከራከራላችሁ 😂 ባትሪና ሞተር አስገባባትና ተገላገል። ቮልስ ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር እንደሷ የሚመች የለም።


ጡረተኛው_መካኒክ | ጥቅምት 10

መብራት ሲጠፋ እንገናኝ።


ባለ66ቱ | ጥቅምት 10

ማስገባት ስለቆመማ ነው ያሉትን ማቆየት ያለብን። ግን የምሬን ነው፣ አንድ ሰው እዚሁ ሠርቶ ቢያሳየን ቁጭ ብዬ አነባለሁ።


ፍራንክፈርት_ጋራዥ | ጥቅምት 14

ሊብሬውን ምን አደረግክ? እዚህ ጀርመን የሌላ ጉልበት ሞተር ካስገባህ ቱፍ (የመኪና መርማሪው ድርጅት) አይቶ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ መኪናው ለመንገድ አይፈቀድም፤ ኢንሹራንሱም አብሮ ይሄዳል። ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ መኪኖች የሚሰጠውን ኤች ያለበት ታርጋ ከፈለግክ ደግሞ ለውጡ የዘመኑ መሆን አለበት። ያንተ 1600 እዚህ ቢሆን ያልፋል፤ የሱባሩው ግን ይከብደዋል።


ባለ66ቱ | ጥቅምት 15

ጥሩ ጠየቅክ፤ ብዙ ሰው የሚጠለፈው እዚህ ላይ ነው። እኛም ጋ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ ቁጥሩ ካልገጠመ ቦሎ የለም። እኔን ያዳነኝ ሻጩ ከሞተሩ ጋር የተገለበጠችውን መኪና የሊብሬ ቅጂና የሽያጭ ውል መስጠቱ ነው። ወረቀት የሌለው ሞተር በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁ አትንኩት።

ቁጥሩ ዲናሞው ከሚቀመጥበት እግር ሥር ነው የተመታው። አንድ ቀን ሙሉ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መርማሪው "ቁጥር አይታይም፣ አጽድተህ ተመለስ" ብሎ መለሰኝ። ሃምሳ ዓመት የተጋገረ ቅባት ነው! በማግሥቱ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አብስዬ፣ ቁጥሩን በነጭ ጠመኔ ሞልቼ ሄድኩ። ሌላ መርማሪ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሳያይ "ፎቶ አለህ?" አለኝ።


አንዴ_የነደደብኝ | ጥቅምት 22

ይህን ሳላነሳ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። የነዳጅ ፊልትሮህ የት ነው? ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ዛሬ ማታ አንሳው። የፕላስቲክ ፊልትሮ በቱቦው መሐል ሲንጠለጠል ክብደቱ ቱቦውን ይጎትታል፤ ካርቡራተሩ ላይ ያለችው የነሐስ መግቢያ ደግሞ ተገፍታ የገባች እንጂ የተጠመዘዘች አይደለችም፣ ስትላላ ትወጣለች። ቤንዚኑ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ነው የሚፈሰው። ሞተሩ ያለበት ቤት ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ነው፤ አንዴ ከያዘ ውሃ ብታፈስበት ይብሳል። የኔ የ1968 ቮልስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አራት ቸርኬና መሪ ሆነች።

ፊልትሮውን ከፊት ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ሥር አድርገው። ቱቦውን ሁሉ አዲስ አድርግ፣ ማሰሪያ አይጉደልበት። ከኋላ ወንበሩ ሥር ያለው ባትሪም ክዳን ይኑረው፤ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ይነካል።


ባለ66ቱ | ጥቅምት 22

ወንድሜ፣ አሁን ሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ በስልክ መብራት ፊልትሮ እየፈታሁ ነው። ነሐሷ በጣት ስትነካ ትዞር ነበር!! ዕድሜ ይስጥህ።


ባለ66ቱ | ኅዳር 28

ረጅም ዝምታዬን ይቅር በሉ። ሞተሩን ሁለተኛ አወረድኩት።

የፍሪሲዮኑ ድምፅ የራሴ ስህተት ሆኖ ተገኘ። እስከ 1970 ድረስ የተሠሩት ካምቢዮዎች የፍሪሲዮን ኩሽኔታቸው (ሳህኑን የሚገፋው ተሽከርካሪ ቀለበት) መሐሉ ላይ ቀለበት ያለውን መጫኛ ሳህን ይፈልጋል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀለበት የሌለውን። እኔ ሞተሩ የ70ዎቹ ስለሆነ የ70ዎቹን ሳህን ገዝቼ ገጠምኩ። ካምቢዮው ግን የ66 ነው! ኩሽኔታው የሚያርፍበት አጥቶ የሳህኑን ጣቶች ሲፍቅ ነው የከረመው። ሳወጣው ጣቶቹ እንደ ቢላዋ ስለዋል። እቃ ስትገዙ ሞተሩን ብቻ አትዩ፣ ሞተሩ የሚነካውን ሁሉ እዩ። ይህን ለመማር አንድ ሙሉ የፍሪሲዮን እቃ ከፍያለሁ።

ጂግለሮቹና ላስቲኩ ደርሰዋል። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ላስቲኩን ዙሪያውን ገጠምኩ፣ አራቱን የካንዴላ ገመድ ላስቲኮችም። ጋሼ ያሉት የአየር ክዳኖች እውነትም ወጥተው ነበር፤ ከሱማሌ ተራ ሌላ የማራገቢያ ቤት ገዝቼ የሱን አዛወርኩ።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። በ120 ጂግለር ከፒያሳ በሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ጭስ የለም። ላይ ደርሼ ወዲያው አጥፍቼ ካንዴላ አወጣሁ፤ አራቱም ወተት የበዛበት ማኪያቶ መስለዋል፤ ቅልቅሉ ልክ ነው ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን ይዤ እስከ አምስት ቆጠርኩ። ድሮ "አንድ" ሳልል ነበር የምለቀው። ፋዙንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ከ7.5 ወደ 10 ዲግሪ አስቀደምኩት፣ አልተንኳኳም።

ባለቤቴ አብራኝ ነበረች። "ሁለት ወር የለፋህበት ይሄ ነው?" አለችኝ። ስንወርድ ግን እሷ ነዳች።


ከአዳማ_በላይ | ኅዳር 29

ደስ ይላል። ግን ስለ ፍሬን አንድም ሰው በቅጡ አላወራም። የ66 ፍሬን ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም እግር አብሮ ይሄዳል። እኔ ፍጥነት መንገዱ ላይ ከቢሾፍቱ አለፍ ብሎ ፔዳሉ ወለል ነክቶብኝ በእጅ ፍሬንና በማርሽ ነው የቆምኩት። ከዚያ በፊት ሞተር አሳድጌ፣ ማርሚታ ቀይሬ፣ ቸርኬ አብለጭልጬ ነበር። ባለ ሁለት መስመሩን ዋና ፓምፕ መግጠም ግን "በኋላ" ብዬ ነበር።

ያንተ የፊት እግር የ66 ስለሆነ የኳስ መገጣጠሚያ ነው፤ ስለዚህ ከ1500 ቮልስ ወይም ከካርማን ጊያ ዲስክ ብታገኝ ይገጥማል። ካጣህ ታምቡሩም በደንብ ከተስተካከለ ለ50 ፈረስ አያንስም። ዋና ፓምፑን ግን ነገ።


ባለ66ቱ | ኅዳር 30

ልክ ብለሃል፣ ምንም የምመልሰው የለኝም። ፓምፕ ፍለጋ ላይ ነኝ።

ፍጥነት መንገድ ካነሳህ አይቀር፦ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተርህ በደቂቃ ስንት ዙር ይሽከረከራል? የኔ ዲፈረንሻል የ1300ዋ 4.375 ነው፣ በስሌት 3,250 ዙር ግድም ይመጣል።


ከአዳማ_በላይ | ኅዳር 30

የኔ ካምቢዮ የ1600 ነው፣ 4.125፤ 3,050 ግድም ነው። ግን አትቀይረው። አንተ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ አጭሩ ማርሽ ዳገት ላይ ይክስሃል። ረጅሙ ማርሽ ለኔ ሜዳ ነው የሚሆነው።


ባለ66ቱ | ጥር 2

ባለ ሁለት መስመር ፓምፕ ተገጥሟል፣ የታምቡር ሸራዎቹ አዲስ ናቸው፣ የፍሬን ቱቦዎቹም። ከጥምቀት በኋላ ደጀን ወዳለው አጎቴ ልሄድ ነው፤ አባይን በቮልስ ወርጄ ልወጣ። 120ው ይበቃኛል ወይስ ልቀይር?


ጡረተኛው_መካኒክ | ጥር 2

አትሂድ ብልህ አትሰማም። እንግዲያው ስማ። ጎሐ ጽዮን ላይ ስትቆም 2,500 ሜትር ግድም ነህ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከ1,000 ብዙም አትበልጥም። አየሩ እየወፈረ ይሄዳል፣ የ120ህ ቅልቅል ቀጭን ይሆናል፤ ነዳጁ ያንሳል። ቀጭን ቅልቅል፣ ሙሉ ጋዝ፣ የበረሃ ሙቀትና 20 ኪሎ ሜትር ዳገት አንድ ላይ ሲመጡ ባልቦላ ይቆርጣሉ። መጨስ አያስፍራህ፣ የካንዴላው ንጣት ያስፍራህ፤ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አታሽትት። ስትወጣም በሁለተኛ፣ ሞተሩ ዙር ይኑረው፤ ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ነው፣ ማርሽ አስረዝመህ ካለከለክ አየሩም ያንሳል።


የአሌክሳንድሪያዋ | ጥር 2

ጋሼ ልክ ናቸው። ለ1,000 ሜትር ሳሰላው 124.4 ይመጣል። 125ቷን ከመውረድህ በፊት አስገባ።


ባለ66ቱ | ጥር 18

ሄጄ መጣሁ!

ጎሐ ጽዮን ላይ አስፋልቱ ዳር አቁሜ ጂግለር ቀየርኩ። ካርቡራተሩን መፍታት አያስፈልግም፤ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ጎን ያለችውን ብሎን ስትፈቱ በቀዳዳው በቀጭን ረጅም ካቻቢቴ ትደርሱበታላችሁ። ቤንዚኑ ይፈስሳል፣ ጨርቅ ያዙ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ልጆች ከበው "መኪናው ታሟል?" ይላሉ። አንዱ ሞተሩ ከኋላ መሆኑን አይቶ "ተገልብጦ ነው የተሠራው" አላቸው፤ ሁሉም አመኑት።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ። ሦስት ሲኖትራክ ፍሬናቸው እየጨሰ ዳር ቆመዋል፤ እኔ በ30 እያንጎራጎርኩ አለፍኳቸው፤ በሕይወቴ ሲኖትራክ ስቀድም የመጀመሪያዬ ነው። ድልድዩ ጋ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነበር። ጃፓኖች ባገዙት ድልድይ ተሻግሬ፣ አሮጌውን በጎን አይቼ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳረፍኳት።

ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። አንዴ ለዘይቱ፣ አንዴ ለዝንጀሮዎቹ፤ መሐል መንገድ ተቀምጠው አልነሳ ብለው። መለኪያውን ይዤ ከሦስት በላይ መቁጠር አልቻልኩም፣ ግን ድምፅ የለም፣ ማንኳኳት የለም። በሁለተኛ ማርሽ ከ40 አልወረደችም። በድሮው 1300 አባቴ ይህንን ዳገት በአንደኛ ነበር የሚወጣው፤ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ አስታውሳለሁ።

ደጀን ስገባ የ3ኛውን ካንዴላ አወጣሁ። ማኪያቶ ነው፤ ወተቱ ትንሽ በዝቷል።

አሁን ችግሬ። 125ው ከላይ ስወጣ እንደገና ትንሽ ማጨስ ስለጀመረ 120ውን ልመልስ ብዬ ፈለግኩ። ጎሐ ጽዮን ላይ ስፈታው በሸሚዜ ኪስ ነበር ያደረግኩት። አክስቴ ሸሚዜን አጥባዋለች። ምስር የምታክል ነገር እንኳን አጥበው እንዲሁም አትገኝም፤ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ የደፉበትን ጓሮ በወንፊት አበጥሬያለሁ፣ አጎቴ አሁንም እየሳቀ ነው።

እህቴ የአሌክሳንድሪያዋ፣ ማፈሬን እያወቅሽ፣ አንድ 120…


የአሌክሳንድሪያዋ | ጥር 18

ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ። ሁለት እልካለሁ፤ አንዱን ለባለቤትህ ስጣት። እስከዚያ 122.5ቷን ተጠቀም።